ከእጥበት በኋላ ትራምፔትን መልሶ መግጠም

የነሐስ መሣሪያ ማጠብ ከባድ ሥራ አይደለም፤ ሳፋ፣ ለብ ያለ ውኃ፣ ፈሳሽ ሳሙናና ትንሽ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁሉ ሊያጥበው ይችላል። ጣጣው የሚጀምረው መሣሪያው ታጥቦ ካበቃ በኋላ፣ ክፍሎቹ ፎጣ ላይ ተዘርግተው ‹‹ይህ ከየት ነበር የወጣው?›› የሚለው ጥያቄ ሲመጣ ነው። በየካ አባዶ በኩል ባለው የአዲስ አበባ ዳርቻ የአንድ የወጣቶች ማርሽ ባንድ መሣሪያዎችን ስይዝ በቆየሁባቸው ዓመታት እጄ ላይ ከደረሱት ብልሽቶች አብዛኞቹ የተፈጠሩት በነፊው ወይም በአጣቢው እጅ ሳይሆን በገጣሚው እጅ ነው፤ ጥርሱ የተበላ ክዳን፣ ቦታው የተቀያየረ ፒስተን (በጣት የሚጫነው ክፍል)፣ በግድ ተገፍቶ የተጣመመ ስላይድ (ተስቦ የሚወጣው የቱቦ ክፍል)፣ በመዳፍ ተመትቶ የተቀረቀረ ማውዝፒስ (ከንፈር የሚያርፍበት ክፍል) ሁሉም የመግጠም ጥፋቶች ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የእጥበቱን ነገር ለመግጠሙ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነክቶ ያልፋል።

የምናገረው ሦስት ፒስተን ስላለው፣ በባንዶቻችን ዘንድ በብዛት ስለሚገኘው ሲ-ቤሞል ትራምፔት ነው፤ የትራምፔት ዘመዶች የሆኑትን ኮርኔትና ፍሉግልሆርን የያዘ ሰውም ከጥቂት ልዩነት በቀር እንዳለ ሊጠቀምበት ይችላል። ሳክስፎን ግን አካሉ ከነሐስ ቢሠራም ድምፁ የሚወጣው በሸምበቆ ምላስ ስለሆነ ከዚህ ቤተሰብ አይቆጠርም፤ ቁልፎቹ ሥር ያሉት ቆዳ ለበስ መክደኛዎች በውኃ ስለሚበላሹም በሳፋ ውስጥ ሊነከር አይገባውም። የክፍሎቹን ስም በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ከገቡ መቶ ዓመት ቢያልፍም፣ የትራምፔት ብልቶች እስካሁን በአንድ የጸና የአማርኛ ስም አይጠሩም። እኔ በልምምድ ቦታ የሚሰማውን እከተላለሁ፤ ፒስተን፣ ስላይድና ማውዝፒስ እንዳሉ ይቆያሉ፣ ጥምዝምዙን ሽቦ ግን እንደ ጋራዥ ሰዎች ሞላ እለዋለሁ፣ ፒስተኑ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን ቱቦ ደግሞ የፒስተን ቤት።

ከመግጠም በፊት መድረቅ ይቀድማል

በችኮላ የሚገጠም መሣሪያ ብዙውን ጊዜ እርጥብ መሣሪያ ነው። በቱቦው ውስጥ የቀረ ውኃ ዘይቱን ከብረቱ ላይ ይገፋዋል፤ በስላይዱ ላይ የቀረው ደግሞ ግሪሱ እንዳይይዝ ያደርገዋል። ስለዚህ ከመጨረሻው ማለቅለቂያ በኋላ ዋናውን አካል በእጅዎ ይዘው ቀስ እያሉ በሁሉም አቅጣጫ ያገላብጡት፤ በጥምዝምዙ ውስጥ ተደብቆ የቆየው ውኃ በአንድ ጊዜ አይወጣምና ሦስት አራት ጊዜ መገላበጡ ትርፍ ሥራ አይደለም። ከዚያ በንጹሕ ፎጣ ላይ፣ ሰፊውን አፍ ወደ ታች ሳይሆን በጎኑ አድርገው፣ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት፣ ቢቻል ለአንድ ሌሊት ይተዉት። ሰፊውን አፍ ወደ ታች አድርጎ ማቆም ቶሎ የሚያደርቀው ይመስላል እንጂ መሣሪያው በትንሽ ንክኪ ይወድቃል፤ የነሐስ ቱቦ ደግሞ ቀጭን ስለሆነ አንድ ጊዜ ከወደቀ መሰርጎዱ አይቀርም።

በዳርቻ ሰፈሮች የሚኖር ሰው ሁለት ነገሮችን በተለይ ሊያስብ ይገባዋል። የመጀመሪያው አቧራ ነው። ከጥቅምት እስከ ክረምቱ መግቢያ ድረስ አስፋልት ባልደረሰባቸው መንገዶች ላይ የሚነሣው አቧራ ደቃቅ አሸዋ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ በፒስተኑና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከፀጉር ክር የቀጠነ ስለሆነ፣ እዚያ የገባች አንዲት ቅንጣት ፒስተኑን በወጣና በወረደ ቁጥር ትፍቀዋለች። በመሆኑም መሣሪያው በረንዳ ላይ ወይም በልብስ ማስጫ ገመድ ሥር ሊደርቅ አይገባውም፤ መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፣ በስሱ አቡጀዲ ተሸፍኖ ይደር። ፀሐይ ላይ ማስጣቱም ቢሆን የሚያተርፈው ነገር የለም።

ሁለተኛው ውኃው ራሱ ነው። ውኃ በተራ በሚመጣባቸው ሰፈሮች የምንጠቀመው በጀሪካን የሰነበተውን ስለሆነ ከታች የሚዘቅጠው ደለል ወደ ሳፋው እንዳይገባ የጀሪካኑን የመጨረሻ ሁለት ሦስት ሊትር መተው ይመረጣል። ውኃው በማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት ከሆነ ደግሞ፣ በአየር ብቻ እንዲደርቅ ሲተው ያንኑ ነጭ ምልክት በፒስተኑ ላይ ያትማልና ፒስተኖቹንና የስላይዶቹን እግሮች ወዲያው በጨርቅ ማድረቅ ያስፈልጋል። ጨርቁ ቃጫ የማይተው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ የታጠበ የጥጥ ካናቴራ ደህና ነው፣ አሮጌ ነጠላ ግን ክሩን እየበተነ ስለሚሄድ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማጠቢያውን ውኃ አፍልተው ለመፍጠን የሚሞክሩም አሉ። እዚህ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው ወደ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ቢሆንም ይህም ቢሆን የመሣሪያውን ላከር (የሚያብረቀርቀውን የላይ ቅብ) ለማስነሣት ከበቂ በላይ ነው፤ ለብ ያለ ሲባል እጅ ያለ ችግር የሚቀመጥበት ማለት ነው።

ክፍሎቹን መለየት

ሁሉም ነገር ከደረቀ በኋላ በነጭ ጨርቅ ላይ ክፍሎቹን በመሣሪያው ላይ ባላቸው ቅደም ተከተል ይደርድሯቸው። ስላይዶቹ በርዝመታቸው ይለያሉ። የሁለተኛው ፒስተን ስላይድ ድምፁን በግማሽ ቶን (ቶን በሙዚቃ የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው) ብቻ ዝቅ የሚያደርግ ስለሆነ አጭሩ እርሱ ነው፤ የመጀመሪያው አንድ ሙሉ ቶን፣ ሦስተኛው ደግሞ አንድ ቶን ተኩል ስለሚያወርዱ የቱቦ መንገዳቸው በዚያው መጠን ይረዝማል። የትራምፔት ጠቅላላ ርዝመት ቢዘረጋ 1 ሜትር ከ48 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፒስተን ሲጫን በዚህ ላይ ወደ 9 ሳንቲ ሜትር፣ አንደኛው ወደ 18፣ ሦስተኛው ወደ 28 ሳንቲ ሜትር ይጨመራል። ይህን የሚያውቅ ሰው ስላይድ በስላይድ ቦታ አያደናግረውም። ዋናው የመቃኛ ስላይድ ከሁሉም የሚለየው የምራቅ ማስወገጃ ቁልፍ ያለበት ትልቁ ጥምዝ በመሆኑ ነው።

ፒስተኖቹ ላይ 1፣ 2 እና 3 የሚል ቁጥር ተቀርጿል፤ አንደኛው ሁልጊዜ ለነፊው ፊት የሚቀርበው ነው። ቁጥሩ ትንሽ ከመሆኑ የተነሣ በደብዛዛ አምፖል ሥር ላይታይ ይችላል፤ መብራት በጠፋበት ምሽት በግምት ከመግጠም እስኪነጋ መጠበቅ ይሻላል። ሦስቱ ፒስተኖች በዐይን ሲታዩ መንትያ ቢመስሉም በጎናቸው ያሉት ቀዳዳዎች የተቀየሱት በተለያየ ስፍራ ነው፤ እያንዳንዱም ከራሱ ቤት ጋር ተላምዶ የኖረ ነውና ለሌላው ቤት አይሆንም።

ስላይዶቹ ፒስተኖቹን ይቀድማሉ

ብዙዎች ቸኩለው ፒስተኖቹን መጀመሪያ ያስገባሉ፤ እኔ ግን ስላይዶቹን ማስቀደም የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፣ ይህም በሁለት ምክንያት ነው። ፒስተኖቹ በሌሉበት ጊዜ ስላይዱ ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር በባዶው ቤት በኩል ያለ ችግር ይወጣል፤ ፒስተኑ ገብቶ ሳለ ግን አየሩ መውጫ አጥቶ ስላይዱን መልሶ ይገፋዋል፣ ገጣሚውም ይህን የአየር ግፊት የብረት መጥበቅ መስሎት ጉልበት ይጨምራል። ሁለተኛው ምክንያት ግሪሱ ነው። በስላይዱ እግር ላይ የተረፈው ግሪስ ወደ ውስጥ ተገፍቶ በፒስተኑ ቤት ግድግዳ ላይ ይቀራል፤ ቤቱ ባዶ ከሆነ በጨርቅ ጠርጎ ማውጣት ይቻላል፣ ፒስተን ካለበት ግን ግሪሱ ከፒስተኑ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ሥራውን ያከብደዋል።

ግሪስ አብዝቶ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው። ለአንድ እግር የስንዴ ፍሬ የምታህል መጠን ትበቃለች። በጣት ጫፍ በስሱ ከቀቡ በኋላ ሁለቱንም እግሮች በአንድ ጊዜ ከማስገባት ይልቅ በመጀመሪያ አንዱን እግር ብቻ በቦታው አስገብተው ወዲያና ወዲህ ያዙሩት፤ ግሪሱ በዙሪያው እኩል ይዳረሳል። ያንን አውጥተው ሌላውን እግር እንዲሁ ያድርጉ፤ ከዚያ ሁለቱን አስተካክለው ቀጥ ባለ መስመር ይግፉ። አንዱ እግር ከሌላው ቀድሞ እየገባ ስላይዱ ወደ ጎን ካዘመመ መግፋቱን ትተው እንደገና ይጀምሩ። ከጠርዙ ተጨምቆ የወጣውን ግሪስ ይጥረጉት፤ አቧራ የሚሰበስበው እርሱ ነውና።

ሁሉም ስላይዶች አንድ ዓይነት ቅባት አይሹም። ዋናው የመቃኛ ስላይድና የሁለተኛው ፒስተን ስላይድ በጨዋታ መካከል ስለማይንቀሳቀሱ ወፈር ያለ ግሪስ ይስማማቸዋል፤ ሦስተኛው፣ ጣት ማስገቢያ ቀለበት ያለው፣ በጨዋታ መካከል እየተሳበና እየተመለሰ ድምፅ የሚያስተካክል ስለሆነ በቀላሉ መንሸራተት አለበት። የአውራ ጣት ማሳረፊያ ካለው የመጀመሪያውም እንደዚሁ ነው። ቀጭን የስላይድ ቅባት የሌለው ሰው በቀባው ስስ ግሪስ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ የፒስተን ዘይት ቢጨምርበት ይላላለታል። በሦስተኛው ስላይድ ላይ ከተገጠመ በኋላ ወልቆ እንዳይወድቅ የሚያግተው ትንሽ ብሎን ወይም ማቆሚያ መኖሩን አይርሱ፤ ከእጥበት በኋላ ሳፋው ግርጌ ቀርቶ ከቆሻሻው ውኃ ጋር የሚደፋው ብዙውን ጊዜ ይህ ብሎን ነው። የእኛ ባንድ አንዱን በዚህ መንገድ አጥቶ ስላይዱ ለአንድ ዓመት ያህል በክር ታስሮ ተነፍቷል።

ስለ ቅባቱ ዓይነት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከመሃል ከተማ በራቅን ቁጥር የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ይርቀናል፣ የቅርቡ ደግሞ ጋራዥ ነው። ለመቃኛው ስላይድ ግሪስ በጠፋ ጊዜ ቫዝሊን ለጥቂት ቀናት ሊያገለግል ይችላል። ለፒስተን ግን ምትክ አይፈለግለት። የሞተር ዘይት ወፍራም ስለሆነ ፒስተኑን ያጓትተዋል፤ የምግብ ዘይት ውሎ አድሮ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፤ ላምባ ደግሞ ቢያፈጥነውም ሽታው የነፊው ሳንባ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው። ለትራምፔት ፒስተን የተዘጋጀችው ትንሽ ጠርሙስ ለአንድ ነፊ ብዙ ወራት ስለምትበቃ፣ በታክሲ ሁለት ሰዓት ሄዶ መግዛቱ ያዋጣል።

የታች ክዳኖች

ስላይዶቹ ከገቡ በኋላ ቃጫ የማይተው ጨርቅ በዘንግ ላይ ጠቅልለው፣ ብረቱ በየትም በኩል እንዳይታይ ሸፍነው፣ ሦስቱንም የፒስተን ቤቶች ከላይ እስከ ታች ይጥረጉ። ጨርቁ ግሪስ ይዞ ከወጣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ይድገሙት። ቀጥሎ የታች ክዳኖቹ ይገባሉ። በእያንዳንዱ ክዳን መካከል ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ጌጥ አይደለችም፤ ፒስተኑ ሲወርድ ከሥሩ ያለው አየር የሚወጣው በእርሷ ነው፣ በግሪስና በአቧራ ከተደፈነች ፒስተኑ ይከብዳል። ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩባት።

ክዳን የሚገጠምበት ዘዴ ለሁሉም ጥርስ ላለው ነገር የሚሠራ ነው። ክዳኑን በቦታው አስቀምጠው በመጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ሳይሆን ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ጥርሱ ከጥርስ ጋር ሲገናኝ ትንሽ ጠብ ሲል በጣትዎ ይሰማዎታል። ያን ጊዜ ወደ ማጥበቂያው ይመልሱት። ክዳኑ በሁለት ጣት ብቻ እየዞረ ሊገባ ይገባል፤ በአንድ በኩል ከፍ፣ በሌላው ዝቅ ብሎ ከተቀመጠ ወይም ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከከበደ ጥርሱ ተሳስቷል ማለት ስለሆነ ፈትተው እንደገና ይጀምሩ። ነሐስ ለስላሳ ብረት ነው፤ አንድ ጊዜ የተበላ ጥርስ አይመለስም። በጥርሱ ላይ አንዲት ጠብታ ዘይት ማድረግ በሚቀጥለው እጥበት ጊዜ ክዳኑ አልፈታ እንዳይል ይረዳል። ፒንሳ በዚህ ሥራ አጠገብ መድረስ የለበትም። አንድ ጊዜ ክዳን አልፈታ ያለን ትራምፔት ወደ አንድ ጋራዥ ወስደነው፣ ባለሙያው በቅን ልቦና በፒንሳ ጨምቆ ፈታልን፤ ክዳኑ ተፈታ፣ የፒስተኑ ቤት ግን ሞላላ ሆኖ ቀረ፣ ያ ፒስተንም ከዚያ ወዲያ እንደ ልብ ወርዶ አያውቅም።

ፒስተኖቹ

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። ዛሬ በትራምፔት ላይ የምናገኘው የፒስተን ዓይነት በፓሪስ በፍራንሷ ፔሪኔ እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ የተቀየሰ ሲሆን፣ ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ፒስተኑ ከፍ ባለ ጊዜ አየሩ በአጭሩ መንገድ ያልፋል፣ ሲጫን ሌላ ቀዳዳ ከስላይዱ ጋር ይገጥምና አየሩ ዞሮ እንዲሄድ ያስገድደዋል። ስለዚህ ፒስተኑ ትንሽ እንኳ ዞሮ ከቆመ ቀዳዳና ቀዳዳ አይገናኙም፤ አየሩ ከግድግዳ ጋር ይጋጫል።

ፒስተኑን በእጥበት ጊዜ ሙሉ በሙሉ ካልበታተኑት ደግ አድርገዋል። ከበተኑት ግን ውስጡ ያለውን ሞላ፣ ከላይ ያለውን የሱፍ ቀለበትና መሪ የምትባለውን ትንሽ የፕላስቲክ ወይም የብረት ቁራጭ በትክክል መመለስ አለብዎት። መሪዋ በፒስተኑ ጎንና ጎን በኩል የሚወጡ ሁለት ጆሮዎች አሏት፤ በብዙ ሥሪቶች አንዱ ጆሮ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ ሲሆን በፒስተኑ ላይ ያሉት ክፍተቶችም በዚያው መጠን የተለያዩ ናቸው። መሪዋን በግድ ካስገቧት በተቃራኒው ልትቀመጥ ትችላለች፤ ያን ጊዜ ፒስተኑ በቤቱ ውስጥ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ይቆማል። ከመፍታት በፊት በስልክ ሁለት ፎቶ ማንሣት ይህን ሁሉ ያስቀራል። የሱፍ ቀለበቶቹም ድምፅ ማብረጃ ብቻ አይደሉም፤ ፒስተኑ እስከ የት ድረስ ወርዶና ወጥቶ እንደሚቆም የሚወስነው የእነርሱ ውፍረት ነውና የአንዱን ለሌላው መስጠት፣ ወይም ከጫማ ሠሪ በተገኘ ሱፍ በግምት መተካት ቀዳዳዎቹን ከመስመር ያወጣቸዋል። ሞላው ከፒስተኑ ሥር በሚቀመጥባቸው አሮጌ ሥሪቶች ደግሞ ሞላው ከፒስተኑ ቀድሞ ወደ ቤቱ መግባት እንዳለበት ያስተውሉ።

አንደኛውን ፒስተን ይዘው ቁጥሩን ያረጋግጡ፤ ግማሽ ያህሉን ቀጥ አድርገው ወደ ቤቱ ያውርዱት። በቀረው ግማሽ ላይ ሦስት ወይም አራት ጠብታ ዘይት በዙሪያው ያንጠባጥቡና ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ያስገቡት። ፒስተን በራሱ ክብደት እየወረደ መግባት አለበት፤ መግፋት የሚያስፈልገው ፒስተን አንድም ቃጫ ይዟል፣ አንድም የሌላ ቤት ነው። ከወረደ በኋላ መሪዋ በቤቱ ውስጥ ካለው ቦይ ጋር እስክትገናኝ ድረስ በትንሹ ያዙሩት፤ ጠቅ ብላ ስትገባ ይሰማዎታል፣ ከዚያም ወዲህና ወዲያ አይዞርም። የያማሃ ሥሪቶችን ጨምሮ በብዙ ትራምፔቶች ላይ ቁጥሩ ወደ ማውዝፒሱ አቅጣጫ ሲያይ ፒስተኑ ትክክል ነው፤ ቁጥሩን ወደ ሌላ ጎን የሚያዞሩ ሥሪቶች ስላሉ ግን የመጨረሻ ዳኛው ጠቅታውና ትንፋሽዎ ነው። በተጨማሪም በአንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ሁለቱ ጆሮዎች እኩል በመሆናቸው ፒስተኑ በሁለት አቅጣጫ ጠቅ ሊል ይችላል። የላይ ክዳኑን ከላይ በተባለው ዘዴ በሁለት ጣት ያጥብቁ።

አንዱን ፒስተን ከገጠሙ በኋላ ወደ ሚቀጥለው ከማለፍዎ በፊት ጥቂት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁት፤ ወዲያው ሊመለስ ይገባል። ሦስቱም ከገቡ በኋላ ማውዝፒስ ሳያደርጉ፣ ማውዝፒስ በሚገባበት ቱቦ በኩል ዝም ብለው እፍ ይበሉ። አየሩ በሰፊው አፍ በኩል ያለ ችግር ከወጣ፣ አንደኛውን ብቻ ተጭነው እንደገና እፍ ይበሉ፤ ሁለተኛውንና ሦስተኛውንም እንዲሁ። በአንዱ ላይ ብቻ ከታፈነ ጥፋቱ በዚያ ፒስተን ላይ ነው፤ ምንም ሳይጫኑ ከታፈነ ደግሞ ወይ አንዱ ዞሯል፣ ወይ ሁለቱ ቦታ ተለዋውጠዋል።

ይህን ፍተሻ አጥብቄ የምናገረው በአንድ የከተራ ዋዜማ ባየሁት ነገር ነው። መሣሪያዎቹን በጋራ አጥበን ልጆቹ እየተሻሙ ከገጠሙ በኋላ አንዱ ትራምፔት ምንም ትንፋሽ አላሳልፍ አለ። ውስጡ ጨርቅ ቀርቶበታል የሚል ሐሳብ አየለና የልብስ መስቀያ ሽቦ ተቃንቶ ወደ ውስጥ ተሰደደ፤ ጨርቅ አልነበረበትም። አንደኛውና ሦስተኛው ፒስተን ቦታ ተቀያይረው ነበር። እርሱን ማስተካከል ደቂቃ አልፈጀም፤ ሽቦው በቱቦው ውስጥ የጫረውን ግን ማንም ሊያስተካክለው አልቻለም። ጥፋቱ የእኔም ነበር፤ ለአሥራ ሁለት ልጆች አንድ ፎጣ ሰጥቼ ሁሉንም ፒስተን በአንድ ላይ አዘርግቼ ነበርና። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ጨርቅና የራሱ ገጣሚ አለው።

ማውዝፒስና የመጀመሪያው ድምፅ

ማውዝፒሱን ወደ ቦታው ቀስ ብለው አስገብተው ጥቂት አዙረው ይተዉት፤ በራሱ ይይዛል። በመዳፍ ጠፍ ማድረግ፣ ድምፁ ለጆሮ ቢጥምም፣ ሁለቱን ቱቦዎች እንደ ሽብልቅ ያቆላልፋቸዋል። የተቀረቀረውን ለማውጣት ለዚሁ የተሠራ መጎተቻ ያስፈልጋል፤ በፒንሳ ይዞ መጠምዘዝ ማውዝፒስ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ ከአካሉ ላይ ይገነጥለዋል።

ዋናውን የመቃኛ ስላይድ እስከ መጨረሻው ከገፉ በኋላ ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሳንቲ ሜትር መልሰው ይሳቡት፤ በዚህ ቦታ አብዛኞቹ ትራምፔቶች ወደ ቅኝቱ ይጠጋሉ። ነገር ግን በእንጦጦና በየካ ተራሮች ግርጌ ጠዋት ጠዋት በሚኖረው ብርድ የቀዘቀዘ መሣሪያ ድምፁ ዝቅ እንደሚል፣ በትንፋሽ ሲሞቅ ደግሞ ከፍ እንደሚል ማወቅ ይገባል፤ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ሲሞቅ ድምፅ በእርሱ ውስጥ ይፈጥናልና። አሥር ደቂቃ ያህል ሳይነፉ ቅኝት መፍረድ ስላይዱን በከንቱ ማንገላታት ነው።

ሲነፋ የሚሰማው ነገር ብዙ ይናገራል። ፒስተኑ ሲመለስ ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ ከተሰማ የሱፍ ቀለበት ቀርቷል። በአንድ የተወሰነ ድምፅ ላይ ብቻ የሚንጫረር ነገር ካለ የላላ ብሎን ወይም ያልጠበቀ ክዳን ይፈልጉ። ድምፁ ሁሉ የሳሳና ትንፋሽ የሚበላ ከሆነ የምራቅ ማስወገጃውን ቁልፍ ይጠርጥሩ፤ በእጥበት ጊዜ ከቁልፉ ሥር ያለው ቡሽ ሊነሣ ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። ለማረጋገጥ የመቃኛውን ስላይድ አውጥተው የአንዱን እግር አፍ በጣት ደፍነው በሌላው በኩል እፍ ይበሉ፤ አየር ካመለጠ ቡሹ ይቀየራል። ፒስተን ከከበደ ደግሞ በመጀመሪያ የላይ ክዳኑን ሩብ ዙር ያላሉት፤ ከቀለለ ክዳኑ ከመጠን በላይ ጠብቋል ወይም የፒስተኑ ዘንግ ተጣሟል። ካልቀለለ የታች ክዳኑን እንዲሁ ይሞክሩ። ይህም ካልረዳ አውጥተው ፒስተኑንም ቤቱንም ጠርገው እንደገና ዘይት ይቀቡ። ከዚህ በኋላም ከከበደ ቤቱ ተሰርጉዶ ይሆናልና ለባለሙያ ይተዉት፤ በአሸዋ ወረቀት ፒስተን የሚያለሰልስ ሰው ካዩ ይከልክሉት።

ሁለተኛውን ፒስተን በተመለከተ አንድ ቀላል ምርመራ አለ። አጭሩን ስላይድ አውጥተው ፒስተኑን ተጭነው ይያዙና በስልክ መብራት ወደ ቱቦው ይመልከቱ፤ የፒስተኑ ቀዳዳ ከቱቦው አፍ ጋር ሙሉ ክብ ሠርቶ ከታየ የሱፍ ቀለበቶቹ በልካቸው ናቸው። ክቡ በላይ ወይም በታች እንደ ጨረቃ ከተቆረጠ ቀለበቱ ተጨፍልቋል ወይም ወፍሯል።

ለሌሎቹ መሣሪያዎች

ትሮምቦን ፒስተን ስለሌለው ቀላል ቢመስልም ወደ 2 ሜትር ከ70 ሳንቲ ሜትር የሚደርሰው ቱቦው በጥንቃቄ መያዝን ይጠይቃል። ሲገጥሙ ስላይዱ መቆለፉን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ያልተቆለፈ ስላይድ ሲያዘነብሉት ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ በትንሹ የተጣመመ ስላይድም ከዚያ በኋላ እየያዘ ይሄዳል። ቅባቱ በተለይ የሚያስፈልገው በውስጠኛው ስላይድ ጫፍ ላይ ላሉት ጥቂት ወፈር ያሉ ክፍሎች ነው። ባሪቶን፣ ዩፎኒየምና ቱባ ፒስተን ያላቸው እስከሆኑ ድረስ ከላይ የተባለው ሁሉ ይሠራባቸዋል፤ ክብደታቸው ከፍ ያለ ስለሆነ ግን ለመግጠም ሁለት ሰው ቢሆን ይመረጣል። ፍሬንች ሆርን የያዘ ሰው በፒስተን ፈንታ ያሉትን የሚሽከረከሩ ቫልቮች ፈጽሞ አይፍታ፤ ስላይዶቹን ብቻ አጥቦ ይመልስ።

ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያውን ልምምድ ጨርሰው መሣሪያውን ከማስቀመጥዎ በፊት የስላይዶቹን ጠርዝ እንደገና ይጥረጉ፤ በሙቀት የላላው ትርፍ ግሪስ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። በማግስቱ ፒስተኖቹን አንድ በአንድ፣ ሁለቱን ሳይነኩ አንዱን ብቻ እያወጡ፣ ጠርገው ዘይት ይጨምሩባቸው፤ ከእጥበቱ የተረፈ ቃጫና ውኃ ካለ በዚህ ጨርቅ ላይ ይታያል። መያዣው ሣጥን ውስጥ ያለው ልብስም ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይራገፍ፤ ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመው የሰፈሩ አቧራ ያለው እዚያ ነው።